ሲሮጡ የታጠቁት

በደባርቅ የገበያ ቀን ሲነጋ የሚሆነውን ተመልክቶ የሚያውቅ ሰው፣ ይህ ጽሑፍ ሊናገር ያሰበውን ግማሹን አስቀድሞ ያውቀዋል ለማለት እደፍራለሁ። ወደ ስሜን ተራራ የሚወጣ ባለ በቅሎ መንገድ ከመግባቱ በፊት በበቅሎይቱ ዙሪያ አንድ ጊዜ ይዞራል። በመጀመሪያ ጀርባዋን በእጁ ይዳስሳል፤ ተልጦ ያገኘው እንደ ሆነ ያን ቀን አይጭናትም። ቀጥሎም አራቱን ሰኮና አንድ በአንድ እያነሣ ይመለከታል። ከጫናት በኋላ መጫኛውን ጠበቅ አድርጎ ይስባል፤ የግራውንና የቀኙን ጭነት በትከሻው ከፍ እያደረገ ያመዛዝናል፤ በመጨረሻም ጥቂት እርምጃ አስኪዶ አረማመዷን ያያል። ይህን ሁሉ ሲያደርግ አይናገርም፤ ጓደኞቹ ጥለውት ቢሄዱም አይቸኩልም። አንድ ቀን ቆሜ ስመለከት፣ «አባቴ፤ ምን ይህን ያህል ይመረምሯታል? ትናንት የመጡባት በቅሎ አይደለችም?» ብዬ አንዱን ሽማግሌ ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፤ ትናንት ያየሁት የትናንቷን ነው» ብለው መለሱልኝና ሥራቸውን ቀጠሉ።

ሽማግሌው ስለ አይሮፕላን አልተናገሩም። እኔ ግን በዚያው ሰሞን በጥቅምት ወር 1923 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስለ ወደቀች አንዲት ትንሽ አይሮፕላን አነብ ስለ ነበር፣ ንግግራቸው ከንባቤ ጋራ ተጋጠመብኝ። ስለዚያች አይሮፕላን የጻፉ ሰዎች ማን በማን ቀና፣ ማን ማንን ጠላ፣ ነጂው ጀግና ነበር ወይስ ጉረኛ እያሉ ብዙ ተከራክረዋል። ከመነሣቷ በፊት ማን ዞሮ አያት? የሚለውን የባለ በቅሎ ጥያቄ ግን አብዛኞቹ ሳይነኩት አልፈዋል። እኔ በዚህ ጽሑፍ ላነሣው የፈለግሁት ይህንኑ የታለፈ ጥያቄ ነው።

አስቀድሞ ግን የእኛ አገር ሰው ከአይሮፕላን ጋራ እንዴት እንደ ተዋወቀ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ ምድር የመጀመሪያው የመንግሥት አይሮፕላን አዲስ አበባ የደረሰው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ይኸውም ፖቴዝ 25 የተባለ የፈረንሳይ ሥራ ሲሆን፣ ነጂው አንድሬ ማዬ ይባል ነበር። ብዙ ሳይቆይም ዩንከርስ የተባለ የጀርመን አይሮፕላን ተከተለው። ዓመት ሳይሞላው፣ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም ጦርነት ቀን፣ በቤጌምድሩ ገዢ በራስ ጉግሣ ወሌ ጦር ላይ መጀመሪያ የአዋጅ ወረቀት፣ ቀጥሎም ቦምብ ከሰማይ ወረደ። ራስ ጉግሣም በዚያው ቀን ሞቱ። እንግዲህ የቤጌምድር ወታደር አይሮፕላንን ያወቀው አንገቱን አቅንቶ፣ ከራሱ በላይ ሲያልፍ አይቶ ነው። ከዚያም በ1928 ዓ.ም. ጣልያን መጣ፤ የስታራቼ ፈጣን ጦር መጋቢት 23 ቀን ጎንደርን ያዘ። ኋላም በወልቀፊት አምባ መሽጎ የነበረው የጣልያን ጦር በመስከረም 1934 ዓ.ም. እጁን እስኪሰጥ ድረስ፣ አርበኞች ከምድር ሲከቡት ከላይ ደግሞ የአይሮፕላን ቦምብ ይወርድበት ነበር። የደባርቅና የዳባት አረጋውያን ስለ አይሮፕላን ሲያወሩ ዐይናቸውን ወደ ሰማይ የሚያነሡት ስለዚህ ይመስለኛል። አይሮፕላኑ ከመነሣቱ በፊት ያለችውን ሰዓት፣ ነጂው በእግሩ ሆኖ ክንፉን የሚዳስስባትን፣ ያየ ከእነርሱ መካከል እምብዛም አልነበረም። በመጽሐፍም ቢሆን የአይሮፕላን ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ጎማው ከመሬት ከተለቀቀ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ተነሣሁበት ነገር ልመለስ። የ1923ቷን አይሮፕላን የጣላት ሰው ሁበርት ፎንትልሮይ ጁሊያን ይባላል። የተወለደው በትሪኒዳድ ደሴት በፖርት ኦፍ ስፔን ከተማ፣ በአውሮጳ አቈጣጠር በ1897 ነው። ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በኒው ዮርክ ጥቁሮች በሚበዙበት በሐርለም ሰፈር ኖረ፤ ከአይሮፕላን በጃንጥላ እየዘለለ ሕዝቡን ያስደንቅ ስለ ነበረም «የሐርለም ጥቁር ንስር» የሚል ስም ወጣለት። በዚያን ዘመን በአሜሪካ ጥቁር ሰው አይሮፕላን ልማር ቢል በሩ ይዘጋበት ነበር። ቤሲ ኮልማን የተባለችው ጥቁር አሜሪካዊት የነጂነት ፈቃድዋን በ1921 እ.ኤ.አ. ያገኘችው በአገርዋ ሳይሆን ፈረንሳይ ድረስ ሄዳ ነው። እንግዲህ ጁሊያን በሰማይ ሲታይ በታች ቆሞ የሚያጨበጭበው ሕዝብ የሚያጨበጭበው ለአንድ ሰው ብቻ እንዳልነበረ መገመት አያዳግትም።

ይህ ሰው በ1916 ዓ.ም. አንድ ትልቅ ነገር አሰበ። በውሃ ላይ የምትነሣና የምታርፍ ያገለገለች አይሮፕላን ክላረንስ ቼምበርሊን ከተባለው ነጂ በዱቤ ገዛ፤ ከኒው ዮርክ ተነሥቶ በካሪብ ደሴቶችና በደቡብ አሜሪካ በኩል አድርጎ አፍሪካ ድረስ እበራለሁ ብሎም አወጀ። ለአይሮፕላኒቱ ያወጣላት ስም «ኢትዮጵያ» ነው። ኢትዮጵያን በዐይኑ አይቷት አያውቅም፤ ነገር ግን ከዓድዋ ድል በኋላ ይህ ስም በዓለም ዙሪያ ለተበተነው ጥቁር ሕዝብ ምን ያህል ክብር እንደ ነበረው አንባቢ ያውቃል። ለጉዞው የሚሆነውን ገንዘብ የሐርለም ሕዝብ ከትንሽ ደመወዙ እየቈረጠ አዋጣለት። የጉዞው ቀን አሜሪካኖች የነጻነት በዓላቸውን የሚያከብሩበት ሰኔ 27 ቀን ሆኖ ተወሰነ።

ቀኑ ሲደርስ በሐርለም ወንዝ ዳር ሕዝቡ በብዙ ሺህ ተሰበሰበ። አይሮፕላኒቱ ግን ገና ዕዳ ነበረባት፤ ሻጩም ቀሪው ሳይከፈለኝ አትነሣም ስላለ፣ ከተሰበሰበው ሕዝብ መካከል እንደ ገና ገንዘብ ሲለመን ሰዓታት አለፉ። በሌላ ወገን ደግሞ ጁሊያን የሕዝቡን ገንዘብ ሰብስቦ ሳይበር የቀረ እንደ ሆነ በማጭበርበር እንደሚከሰስ ከመንግሥት ሹማምንት ማስጠንቀቂያ ደርሶት ነበር ይባላል። አንባቢ ራሱን በዚያ ሰው ቦታ አድርጎ ያስብ። በስተኋላው ባለ ዕዳ፣ በስተጐኑ ሕግ፣ በፊቱ ደግሞ እልል የሚል ሕዝብ ቆሟል። እንዲህ ባለ ሰዓት ከአይሮፕላን ወርዶ «ጥቂት ታገሡኝ፤ የእግሯን ማሰሪያ አንድ ጊዜ ልይ» ለማለት ከመብረር የበለጠ ልብ ይጠይቃል።

«ኢትዮጵያ» ከወንዙ ተነሣች። ጥቂት ደቂቃ እንደ በረረች በውሃ ላይ ከሚያንሳፍፏት ሁለት ጀልባ መሰል እግሮች አንዱ ተነቅሎ ወደቀ፤ እርሷም ሚዛኗን ስታ በፍላሺንግ የባሕር ወሽመጥ ውስጥ ተከሰከሰች። ጁሊያንን ጀልበኞች ከውሃው አወጡት፤ እግሩ ተሰብሮ ሐኪም ቤት ተኛ። አፍሪካ የሺህ ኪሎ ሜትሮች መንገድ ነበረች፤ እርሱ ግን ከዚያው ከኒው ዮርክ ሳይወጣ ቀረ።

የውሃ አይሮፕላን ከሚነዱ ሰዎች ሥራ እንደምንረዳው፣ ተንሳፋፊው እግር ዘወትር የሚጠረጠር አካል ነው። በመጋጠሚያው በኩል ውሃ ቀስ እያለ ይገባበታል፤ ስለዚህ ከመነሣት በፊት ክዳኑ ተከፍቶ የገባው ውሃ በፓምፕ መቀዳት አለበት። ውሃ የያዘ እግር ይከብዳል፤ አይሮፕላኑ በማዕበል ላይ ሲሮጥ ያ ክብደት ሁሉ የሚያርፈው እግሩን ከገላው ጋራ በሚያያይዙት ዘንጎችና ብሎኖች ላይ ነው። አንዱ ብሎን ላልቶ ወይም ዝጎ የቈየ እንደ ሆነ ምስጢሩ የሚገለጠው ከተነሡ በኋላ ነው። ይህን ለማየት ጥበብ አያስፈልግም፤ ዐይን፣ እጅና ጥቂት ጊዜ ይበቃል። በዚያ ቀን ከሦስቱ የጠፋው ጊዜ ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው ተረታችን ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ስለ ጁሊያን የጻፉ ብዙዎች ይሥቁበታል። ቀሚሱ የደመቀ፣ አፉ የማያርፍ ሰው ስለ ነበር መሣቂያ ማድረጉ ቀላል ነው። እኔ ግን በእርሱ መሣቅ አልሆነልኝም። ማንም በማያስተምርበት አገር ነጂ ልሁን ያለ፣ ስማችንንም በክንፉ ላይ ጽፎ የተነሣ ሰው ነው። የጣለችው ድፍረቱ አልነበረችም፤ ድፍረቱን የሚጠብቅለት ሥርዐት አለመኖሩ ነበር።

ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1922 ዓ.ም. ጁሊያን ተጋብዞ አዲስ አበባ መጣ። በዚያው ዓመት ለሚመጣው የንግሥ በዓል ዝግጅት ተጀምሮ ነበር። በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ከአይሮፕላን በጃንጥላ ዘልሎ በአጠገባቸው በማረፉ እጅግ ተደነቀ፤ የኢትዮጵያ ዜግነትና የኰሎኔልነት ማዕረግም ተሰጠው። እስከዚህ ድረስ ዕድሉ ቀንታለት ነበር። ነገር ግን በመንግሥት አይሮፕላኖች ላይ የነበሩት የፈረንሳይ ነጂዎች በደስታ አልተቀበሉትም፤ እርሱም እነርሱን አላከበረም።

ንጉሠ ነገሥቱ እጅግ የሚወዷት አንዲት አዲስ የእንግሊዝ ሥራ አይሮፕላን ነበረች፤ ስሟ ጂፕሲ ሞዝ ይባላል። ሁለት ሰው በፊትና በኋላ የሚቀመጥባት፣ ከእንጨትና ከሸራ የተሠራች፣ 100 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር የተገጠመላት ቀላል አይሮፕላን ናት። በጥቅምት 1923 ዓ.ም.፣ የንግሡ ቀን ጥቅምት 23 ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ ለበዓሉ በሚደረግ ልምምድ ላይ ጁሊያን ይህችን አይሮፕላን አንሥቶ ከሰከሳት። እርሱ ተረፈ፤ አይሮፕላኒቱ ተሰባበረች። ከእንግሊዝ የንጉሡ ልጅ፣ ከፈረንሳይ ማርሻል፣ ከጣልያን ልዑል ሊመጡ መንገድ ላይ በነበሩበት ሰዓት ይህ መሆኑ ምን ያህል እንዳሳፈረ መናገር አያሻም። ጁሊያንም ከአገር እንዲወጣ ተደረገ።

ከዚያ ወዲህ ክርክሩ ተጀመረ። ጁሊያን አይሮፕላኒቱ በምቀኞች ተበላሽታ ነበር አለ፤ ተቃዋሚዎቹም ጥፋቱ የነጂው ነው አሉ። እኔ ከዚህ ክርክር ውስጥ ለመግባት አልፈልግም፤ ምክንያቱም የሁለቱም ወገን ነገር ወደ አንድ ቦታ ይወስደናል። አይሮፕላኒቱ በእውነት ተነክታ ከነበረ፣ ከመነሣት በፊት የሚደረግ ምርመራ የሚያስፈልገው ይህን የመሰለውን ነገር ለማግኘት ነው። ማንም ሳይነካት ከነበረም ምርመራው ያው ያስፈልጋል። ቤንዚን ውስጥ የገባ ውሃ በምቀኛ እጅ ቢገባ ወይም በዝናብ ቢገባ ሞተሩን የሚያጠፋው በአንድ ዐይነት መንገድ ነው። በአገራችን ነገር ሲበላሽ «ማን አበላሸብኝ?» ብሎ መጠየቅ ልማድ ሆኗል፤ «ማን አይቶት ነበር?» የሚለው ጥያቄ ግን ጠያቂውን ራሱን ስለሚጨምር ብዙ ሰው አይወደውም።

ጂፕሲ ሞዝ እንዴት ያለች አይሮፕላን እንደ ነበረች ጥቂት ባብራራ አንባቢ ነገሩን ይበልጥ ይረዳዋል። ክንፎቿ ወደ ኋላ ይታጠፋሉ፤ ይህም በትንሽ ቤት ውስጥ እንድታድር ነው። ሲዘረጉ በቁልፍ ሽብልቆች ይጠበቃሉ፤ ነጂው እነዚህ ሽብልቆች መግባታቸውን በዐይኑ አይቶ በእጁ ካልነካ ክንፏን አላመነም ማለት ነው። የቤንዚን ጋኗ በላይኛው ክንፍ መካከል ነው፤ ቤንዚኑ በገዛ ክብደቱ ወደ ሞተሩ ይወርዳል። ስለዚህ ከታች ጥቂት ቀድቶ ውሃ ወይም ቈሻሻ እንዳለበት ማየት የነጂ ግዴታ ነበር። ብልጭታ የሚሰጡት ማግኔቶዎች ሁለት ናቸው፤ ከመነሣት በፊት አንዱን አጥፍቶ በሌላው፣ ቀጥሎም ያንን አጥፍቶ በዚህ ሞተሩን መስማት ይገባል። ሞተሩ የሚነሣው አንድ ሰው ከፊት ቆሞ ማራገቢያውን በእጁ ሲያዞርለት ነው። ይህ ሁሉ ሲደመር ከሩብ ሰዓት አይበልጥም።

የአይሮፕላኒቱን ዐይነት መውቀስም አይቻልም። በዚያው በ1922 ዓ.ም. ግንቦት 16 ቀን ኤሚ ጆንሰን የምትባል የ26 ዓመት እንግሊዛዊት በጂፕሲ ሞዝ ብቻዋን ከእንግሊዝ ተነሥታ አውስትራልያ ደርሳለች፤ መንገዱም ከ17,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ስለዚች ሴት ብዙ ጊዜ የማይነገረው፣ ከነጂነቷ ሌላ የአይሮፕላን መካኒክነት ፈቃድ የነበራት መሆኑ ነው። በየማረፊያው ሞተሯን የምትፈታውና የምትገጥመው ራሷ ነበረች። ጁሊያንና እርሷ በአንድ ዓመት በአንድ ዐይነት አይሮፕላን ላይ ተቀምጠዋል፤ ልዩነቱን ከሰማይ ሳይሆን ከመሬት እንፈልገው።

ደግሞም የአገራችን ከፍታ የራሱ ፈተና አለው፤ ይህንንም የስሜን ሰው ከማንም ይልቅ ይረዳዋል። ከደባርቅ ወደ ሳንቃበር የሚወጣ የቈላ ሰው ጥቂት ሲሄድ ትንፋሹ ያጥረዋል፤ ሐሳቡ ይበረታል፣ ጉልበቱ ግን አይታዘዘውም። ሞተርም እንደ ሰው ይተነፍሳል። ባዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፉ አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ በደባርቅ፣ ይኸውም ወደ 2,850 ሜትር ገደማ፣ ሩብ ያህል ይጐድላል። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩ ኃይሉ ይቀንሳል፣ ማራገቢያው የሚይዘው ያጣል፣ ክንፉም የሚደገፍበት ያንሰዋል፤ ሦስቱም በአንድ ጊዜ ነው። ስለዚህ በባሕር ጠረፍ በአጭር ሩጫ የምትነሣ አይሮፕላን በደጋ አገር ረጅም ሜዳ ትፈልጋለች፤ ከተነሣችም በኋላ ወደ ላይ የምትወጣው እየተንፈራገጠች ነው። ቀኑ ሞቃት ሲሆን ደግሞ ይብሳል። በእንግሊዝ አገር ቸል ቢባል ምሕረት የሚያገኝ ትንሽ ጉድለት፣ አንድ የታፈነ ካንዴላ ወይም አንድ ትርፍ ሻንጣ፣ በእኛ ደጋ ላይ ምሕረት የለውም። ደጋው ነጂውን ከቈላው ይልቅ ጥብቅ መርማሪ እንዲሆን ያስገድደዋል።

ጁሊያን በሄደበት ዘመን ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ የተባሉት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ነጂዎች ትምህርታቸውን ፈጽመው መብረር ጀመሩ። የእነርሱ ታሪክ ለብቻው የሚጻፍ ስለ ሆነ እዚህ አላስረዝመውም።

የዓለም ነጂዎች ከመነሣት በፊት የሚደረገውን ምርመራ ከሰው ትዝታ አውጥተው በወረቀት ላይ ያሰፈሩበት ቀን ከእኛ ታሪክ ጋራ በአንድ ወር ውስጥ ይውላል። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣልያን ወሰናችንን ጥሶ ዓድዋን በአይሮፕላን ደበደበ። ሃያ ሰባት ቀን ቈይቶ፣ ጥቅምት 19 ቀን፣ በአሜሪካ በኦሃዮ አገር ራይት ፊልድ በተባለው ሜዳ ቦይንግ የሠራው ሞዴል 299 የተባለ ባለ አራት ሞተር አዲስ አይሮፕላን ለፈተና ቀረበ። ያን ጊዜ ከነበሩት ሁሉ የሚበልጥ ግሩም ሥራ ነበር። ነጂው ሻለቃ ፕሎየር ሂል የታወቀ የፈተና ነጂ ነበር፤ ከእርሱም ጋራ የኩባንያው ዋና ነጂ ሌስሊ ታወር ነበረበት። አይሮፕላኑ ተነሣ፣ አፍንጫውን ከመጠን በላይ ወደ ላይ አቀና፣ ሚዛኑን አጣ፣ ወድቆም ተቃጠለ። ሂል በዚያው ቀን፣ ታወርም ኋላ በደረሰበት ቃጠሎ ሞተ።

ምርመራው ያገኘው ነገር እጅግ ትንሽ ነው። አይሮፕላን በመሬት ላይ ቆሞ ሳለ ነፋስ የጭራውን መሪ እያወዛወዘ እንዳይሰብረው የሚያስር ቁልፍ አለ፤ ከመነሣት በፊት መፈታት አለበት። ያን ቀን አልተፈታም ነበር። ይህን ቁልፍ ሁለቱም ሰዎች ያውቁታል፤ ታወርማ አይሮፕላኑን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ስለዚህ አላዋቂነት ነው ሊባል አልተቻለም። አይሮፕላኑ ለአንድ ሰው የማስታወስ ኃይል በዝቷል ተባለ እንጂ ነጂዎቹ ሰነፎች ናቸው አልተባለም። መድኃኒቱም አዲስ መሣሪያ ሳይሆን አንድ ቁራጭ ካርቶን ሆነ፤ ከመነሣት በፊት፣ በበረራ ጊዜ፣ ከማረፍ በፊትና ካረፉ በኋላ የሚታየው ነገር በተራ ተጽፎበት ነጂው እያነበበ የሚፈጽመው። ዛሬ ቼክሊስት የሚባለው ይህ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ መጋቢት 30 ቀን የመጀመሪያውን ጉዞ ወደ ካይሮ ሲያደርግ፣ ይህ ወረቀት በዓለም የአይሮፕላን ሥራ ውስጥ ልማድ ሆኖ ነበር።

ይህ ወረቀት ዝናን አይቀበልም፤ የሚያስገርመኝም ይኸው ነው። አንድ ሻለቃ ሺህ ጊዜ ቢነሣም ሺህ አንደኛውን ጊዜ እንደ ተማሪ «መሪው ተፈትቷል?» ተብሎ ይጠየቃል። ይህን ዐይነት ትሕትና በወረቀት መጻፍ እንደሚቻል ከዚያ በፊት ማን አሰበ!

ስለ ጁሊያን ስናነሣ የጆን ሮቢንሰንን ስም ሳይጠሩ ማለፍ አይገባም። ይህ ጥቁር አሜሪካዊ በሚሲሲፒ አድጎ ወደ ቺካጎ ሄደ፤ በአንድ የአይሮፕላን ትምህርት ቤት መግባት ቢከለከል በዚያው በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጥሮ ወለል እየጠረገ ትምህርቱን ሰማ፤ ኋላም ተማሪ ሆኖ በ1931 እ.ኤ.አ. በመካኒክነት ተመረቀ። በ1927 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጥቶ የኢትዮጵያን ጥቂት አይሮፕላኖች አዛዥ ሆነ፤ በጦርነቱም ጊዜ መሣሪያ በሌላት አይሮፕላን በአዲስ አበባና በሰሜን ጦር ግንባር መካከል መልእክት ያመላልስ ነበር። ጁሊያንም ዳግመኛ መጥቶ ስለ ነበር ሁለቱ ባዲስ አበባ ተገናኝተው በእጅ እስከ መማታት ደረሱ፤ የሚያሳዝን ነው። ሮቢንሰን በ1936 ዓ.ም. ተመልሶ መጥቶ ኢትዮጵያውያንን አስተማረ። በመጋቢት 1946 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በደረሰበት የትንሽ አይሮፕላን አደጋ ቈስሎ ሞተ፤ አካሉም በዚያው አረፈ። ይህን የምጽፈው ምርመራ ሞትን ያስቀራል ብዬ እንዳልዋሽ ነው፤ ከወለል ጠራጊነት ተነሥቶ ሞተሩን በእጁ የሚያውቀውም ሰው ወድቋል። ጁሊያን ግን ብዙ ጊዜ ወድቆ ብዙ ጊዜ ተነሥቶ በ1975 ዓ.ም. በኒው ዮርክ በእርጅናው ሞተ።

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ግን መጽሐፍ ብቻ አይደለም። ከጥቂት ዓመት በፊት በጥምቀት ዋዜማ ከደባርቅ ወደ ዛሪማ በመንግሥት መኪና ልንወርድ ተሰናዳን። ከወልቀፊት ጀምሮ በሊማሊሞ በኩል የሚወርደውን መንገድ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ መንገዱ በገደል ደረት ላይ እየተጠማዘዘ ከሺህ ሜትር በላይ ቍልቍል ይሄዳል። እኔ ከበዓሉ ለመድረስ ቸኵዬ ነበር። የመውጫውን ወረቀት አቀረቡልኝ፤ በግርጌው «ተሽከርካሪው ተመርምሯል» የሚል ታትሟል። ብዕሬን አውጥቼ ፈረምሁ። መኪናውን በዐይኔ እንኳ አላየሁትም።

ሾፌሩ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። ወረቀቱን ተቀብለው አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ካፖርታቸውን አውልቀው ከመኪናው ሥር ገቡ። እኔም ተቈጣሁ፤ «ተፈርሞ የለም እንዴ! ሰዓቱ እየሄደ ነው» አልሁ። ከሥሩ ሆነው፣ «እርስዎ ፈርመዋል፤ እኔ ግን ገና አላየሁትም» አሉኝ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ እጃቸውን ዘርግተው አሳዩኝ፤ ጣታቸው በፍሬን ዘይት ርሷል። በስተኋላ ያለው የፍሬን ቧንቧ ያንጠባጥብ ነበር።

መኪናው ያን ቀን አልወረደም፤ እኛም በዓሉን እዚያው ደባርቅ ዋልን። ቧንቧው ተለውጦ፣ ዘይቱ ተሞልቶ፣ በማግስቱ ማለዳ ልንነሣ ስንሰናዳ ሾፌሩ እንደ ገና ካፖርታቸውን አውልቀው መሬት ላይ ዘረጉ። «ትናንት ማታ ተሠርቷል እኮ» ልል አፌን ከፍቼ ነበር፤ ነገር ግን የባለ በቅሎው ሽማግሌ ቃል ትዝ አለኝና፣ ዝም ብዬ ካፖርታቸውን ከአቧራው አንሥቼ ያዝሁላቸው።